ብሩን አትፈግፍጉት፦ ስለ አሮጌ ሳንቲም ደረጃ ለተጻፈው ምላሽ

ባለፈው እሑድ ጠዋት አንዲት የሰፈራችን እናት በነጠላቸው ጫፍ ሁለት ብር ቋጥረው ቤቴ መጡ። እኔ እማማ ነው የምላቸው። ደሴ ውስጥ አሮጌ ሳንቲም እንደምሰበስብ የሚያውቅ ሁሉ እንዲህ ቋጥሮ ይመጣል። አንዳንዱ ሊሸጥ ነው፤ አብዛኛው ግን «እስቲ ምን እንደሆነ ንገረኝ» ሊል ነው። ቋጠሮውን ፈቱት። ሁለቱም የምኒልክ ብር ናቸው። ሁለቱም በግዕዝ ቁጥር 1889 ይላሉ። ከአማታቸው የወረሷቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ሙዳይ፣ በአንድ እራፊ ጨርቅ ተጠቅልለው ኖረዋል።

አንዱ ግራጫ ነው፤ ዳር ዳሩ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ሌላው እንደ አዲስ የአሉሚኒየም ድስት ነጭ ሆኖ ያበራል።

«ይኸኛውን የልጅ ልጄ ነው ያጸዳልኝ» አሉኝ። «ጽሑፍ አንብቦልኝ። በኮልጌትና በአመድ አሸው። ደረጃው ከፍ ይላል ነው አሉ የሚለው ጽሑፉ። እጁ ሲደክመው ሁለተኛውን ለነገ አሳደርነው።»

ልጁ ጽሑፉን ላከልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጸሐፊውን ስም አላነሳም፤ ጠቤ ከሰውዬው ጋር አይደለም። ሰው ያለውን እንዲያውቅ ብሎ እንደጻፈው ይገባኛል። ግን ብዙ ቤት ውስጥ ብር እያበላሸ ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። የጠቆረ ሳንቲም የተበላሸ ስለሆነ እስኪያበራ አሹት፣ ደረጃው ይጨምራል። ፈረንጆች ለሳንቲም ይዞታ ከ1 እስከ 70 የሚሰጡት ቁጥር እንደ ፈተና ውጤት ነው፤ 35 ያገኘ ግማሹን አገኘ። ሳንቲም ባረጀ ቁጥር ደረጃው ከፍ ይላል። የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ብር ጌጥ ስለሆነ ዋጋው ይበልጣል። ይህ ሁሉ ደረጃ ደግሞ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ለእኛ የሚበጀን ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን መስማት፣ መዝኖ መሸጥ ነው።

ከማሸቱ እጀምራለሁ። የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

መጀመሪያ ጥቁረቱ ምን እንደሆነ እንየው። ብር አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያበጃል። ድኝ ከሱፍ ይወጣል፣ ከጎማ ይወጣል፣ ከእንቁላልና ከጭስ ይወጣል። ሽፋኑ መጀመሪያ ወርቅማ ይመስላል፤ ቀስ እያለ ወደ ቡናማ፣ ወደ ሰማያዊ፣ ኋላም ወደ ጥቁር ይሄዳል። ዓመታት የሚፈጅ ነገር ነው። በጣም ከወፈረ ይጎዳል እንጂ ስሱ ሽፋን ዝገት ብረትን እንደሚበላው ብሩን አይበላውም። እንዲያውም ባለ ቀለም ሽፋን ያማረበትን ሳንቲም ተሻምተው፣ ጨምረው የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ።

ከሽፋኑ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሳንቲም ሲመታ ብሩ በሁለት ቅርጾች መካከል በከባድ ጫና ይጨፈለቃል። ሲጨፈለቅ ከመሃል ወደ ዳር ይፈሳል። ፍሰቱ ዓይን ለይቶ የማያያቸው ደቃቅ መስመሮች ትቶ ያልፋል። አዲስ ሳንቲም መብራት ሥር ስታዘነብሉት ብርሃኑ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ የሚዞረው በእነዚህ መስመሮች ነው። እኔ የሳንቲሙ ቆዳ እለዋለሁ። ይህ ቆዳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ሲመታ። ከዚያ ወዲያ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ደረጃ ማለትም ከዚያ ቆዳና ከዚያ ቅርጽ ዛሬ ስንቱ ቀረ ማለት ነው። ታዲያ በእጃችን አሽተን እንዴት ከፍ እናደርገዋለን?

አመድ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። የጥርስ ሳሙናም የሚፍቅ ዱቄት አለበት። ሎሚም ቢሆን አሲድ ነው። ጥቁረቱን ለይተው አያነሱም፤ ከነቆዳው ይዘውት ይሄዳሉ።

የእማማን ሁለት ብሮች ጠረጴዛ ላይ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፌ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንድ መብራት ብቻ አበራሁ። በጣቶቼ ዳራቸውን ይዤ፣ ፊታቸውን ሳልነካ፣ በማጉያ መነጽር አየኋቸው። ነጩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የክብ ክብ ጭረት ሞልቶታል። የልጁ አውራ ጣት የዞረበትን መንገድ መከተል ትችላላችሁ። የንጉሡ ጉንጭ ልሙጥ ሆኗል። ብርሃኑ አይዞርም፤ ባለበት ቆሞ ያንጸባርቃል። «ምኒልክ» በሚለው ስም ፊደላት ስንጥቅ ውስጥ የደረቀ ኮልጌት ተቀርቅሯል። ዘውዱ ላይ ደግሞ ጣት ያልገባበት ስርጉድ ሁሉ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። ጉብታው ነጭ፣ ስርጉዱ ጥቁር፤ የታሸ ብር ከሩቅ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ግራጫውን አዞርኩት። አንበሳው ዘውዱን ደፍቶ ቆሟል። የጎፈሩ ፀጉር ክር በክር ይለያል፤ ታፋው ላይ ብቻ ብዙ እጅ ስላለፈበት ለስልሷል። ወደ ዳር፣ ፊደላቱ ጥግ ጥጉን፣ ከግራጫው ሥር ያች የምትዞር ብርሃን ገና አለች። ትንሽ ናት፤ ግን አለች። እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ያኛውም እንዲህ ነበር» አሉ።

ጽሑፉ «ከፍ ይላል» ያለው ደረጃ በተግባር ምን ይሆናል? ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቁት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ናቸው። ሥራ የጀመሩት በፈረንጆቹ 1986 እና 1987 ነው። ሳንቲሙን አይተው፣ ቁጥር ሰጥተው በደረቅ ፕላስቲክ ያሽጉታል። እንዲህ ክፉኛ የታሸ ሲደርሳቸው ግን ቁጥሩን ይነፍጉታል። «ዲቴይልስ» የሚል ቃል ይጽፉና «ተጸድቷል» ብለው ይጨምሩበታል። ቅርጹ ይህን ያህል ቀርቶታል፣ ቆዳው ግን የለም ማለታቸው ነው። ገዢም ያንን አይቶ ዋጋውን ይቀንሳል። ስለዚህ ምክሩ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን የተገላቢጦሽ ነው። አቧራ ካለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ሳታሹ፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጡትና ራሱ ይድረቅ። ከዚያ አትለፉ።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። «35 ያገኘ ግማሹን አገኘ» የሚለው የፈተና ወረቀት አስተሳሰብ ነው። ቁጥሩን ያወጣው ዊልያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። በፈረንጆቹ 1949 ስለ ጥንታዊ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያወጣው። ያኔ ቁጥሩ የዋጋ ቁጥር ነበር። ከሁሉ የተጎሳቆለው ሳንቲም 1 ከሆነ፣ እንከን የማይወጣለት 70 እጥፍ ያወጣል ብሎ ነው 70 ያለው። የዋጋው ስሌት ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ቁጥሩ ግን ቀረ። በኋላ ለሌሎች ሳንቲሞችም ዋለ። ስለዚህ ከመቶ አይሰላም፣ ከሰባም አይሰላም።

ጽሑፉ ከቁጥሩ ጋር የሚሄዱትን የእንግሊዝኛ ስሞችም እንዳለ ተርጉሟቸዋል። «ጉድ የተባለ ጥሩ ሳንቲም ነው» ይላል። ይህ ሰው ያስከስራል። በሰብሳቢዎች ቋንቋ ጉድ ማለት ወደ ታች የወረደ ነው፤ ቁጥሩ 4 ወይም 6 ነው። የምኒልክን ብር አስቡ። ጉድ ከሆነ አንበሳው እንደ ጥላ ነው፤ ቅርጹ አለ፣ ውስጡ ጠፍጣፋ ነው። ፋይን፣ ማለትም 12 እና 15፣ ላይ ሲደርስ ጎፈሩ ከፊሉ ይለያል፤ ፊደሉም ሁሉ ይነበባል። ቬሪ ፋይን ከ20 እስከ 35 ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ፀጉር አለ፣ የዘውዱ ጌጥ ይቆጠራል፣ ጉብ ጉብ ያለው ብቻ ለስልሷል። የእማማን ግራጫ ብር እዚህ አካባቢ፣ ከላይኛው በኩል አስቀምጠዋለሁ። «ግማሽ ውጤት» የተባለው 35 እንግዲህ ይኸ ነው፤ መቶ ዓመት አልፎት እንዲህ የቆየ ብር። ከዚያ 40 እና 45 ኤክስትሪምሊ ፋይን ይባላል። ከ50 እስከ 58 አባውት አንሰርኩሌትድ ነው፤ ገበያ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ የተመለሰ በሉት።

60 ላይ መሥመር አለ። ከ60 እስከ 70 ሚንት ስቴት ነው፤ አንድም የመታሸት ምልክት የሌለበት። ታዲያ በመካከላቸው የሚለያየው ምንድን ነው? ከተመቱ በኋላ ከረጢት ውስጥ እርስ በርስ ሲጋጩ ያገኙት ጭረት፣ የአመታቱ ጥንካሬ፣ የብርሃኑ ድምቀት ነው። ብዙ የተጋጨ 60 አንዳንዴ ከንጹሕ 58 ያስጠላል። ይህን በዓይኔ ሳየው ነው ቁጥሩ የውበት ውድድር እንዳልሆነ የገባኝ።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር አለ። ደብዛዛ ፀጉር ሁሉ ያለቀ ፀጉር አይደለም። አንዳንድ ሳንቲም ሲመታ ጫናው አንሶት ደብዝዞ ይወለዳል። መለያው ብርሃኑ ነው። የደበዘዘው ቦታ ላይ ያች የምትዞር ብርሃን ካለች አመታቱ ነው የደከመው። ቦታው ፈዞ ቀለሙ ከተለየ ግን እጅ በልቶታል።

«ባረጀ ቁጥር ደረጃው ይጨምራል» የሚለው ከሁሉም የሚገርመኝ ነው። ዕድሜ ሌላ፣ ብርቅነት ሌላ፣ ይዞታ ሌላ። ሁለት ሺህ ዓመት የሆነው ልሙጥ ሳንቲም ልሙጥ ነው። ባንክ ትናንት ያወጣችው ሳንቲም 65 ልታገኝ ትችላለች፤ ዋጋዋ ግን ያው የተጻፈባት ነው።

ዕድሜውን ራሱን ዓመቱን አይቶ መናገርም ያሳስታል። ጽሑፉ «1780 የሚል ብር ካለዎት 240 ዓመት ያለፈው ሀብት ይዘዋል» ይላል። ማርትሬዛን፣ ጠገራ ብርን ማለቱ ነው። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ ብሯ ዓመቱ ሳይቀየር ሲመታ ኖረ። ቪየና መታው፣ ሮም መታው፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ መቱት። ደሴ በጣሊያን አውሮፕላን በተደበደበችበት በ1928 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ይህንኑ 1780 የሚል ብር ይመቱ ነበር። ቪየናም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለሰብሳቢዎች ስትመታ ቆይታለች። እንደ መስታወት የሚያበራ ማርትሬዛ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ አዲስ ነው። የእኛም 1936 የሚሉት የጃንሆይ ሳንቲሞች እንደዚያው ናቸው፤ ዓመቱ አንድ ነው፣ ሲመቱ የኖሩት ግን ለብዙ ዓመታት ነው። የምኒልክ ብር ዓመት ደግሞ የእኛ አቆጣጠር ነው። 1889 ማለት የዓድዋ ማግስት ነው። ጽሑፉ ይህንን በፈረንጅ ቆጥሮ ከዓድዋ ሰባት ዓመት አስቀድሞታል።

ስለ ተበሳው ብር ብዙ አልልም። ቀዳዳ፣ ብየዳ፣ የማንጠልጠያ ጠባሳ ለሳንቲም ጉዳት ነው። ቁጥር አይሰጠውም። ግን ድሪው ወይም የአንገት ጌጡ ሙሉ ከሆነ እንደ ጌጥ የራሱ ዋጋ አለው፤ የአንጥረኛው ሥራም የአያቶቻችን ነው። ነቅላችሁ ሳንቲሙን ለብቻው አትሽጡ። ያኔ ጌጡም ሳንቲሙም የለም።

አሁን ልቤን ወደ ነካው ልምጣ። «ደረጃ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ እኛ አናውቀውም» የሚለው።

አያቴ የከብት ነጋዴ ነበሩ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ይወርዱ ነበር። ባቲ ገበያ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም የሚገናኝበት ነው፤ በቋንቋ ባይግባቡ በብር ይግባባሉ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ከወጣ በኋላም ጠገራ ብር በገጠር ገበያ ቶሎ አልጠፋም። አባቴ በልጅነቱ አብሯቸው ይሄድ ስለነበር አከፋፈሉን ነግሮኛል። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ዝም ብሎ ኪሱ አይከትም። ወደ ፀሐይ ያዞረዋል። የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል። ጌጡ ላይ 9 ዕንቁ አለ። በጥፍሩ እየጠቆመ ይቆጥራል። ዕንቁው ከተቆጠረ ብሩ ያልፋል። ልሶ ጠፍቶ ከሆነ ወይ ይመልሰዋል፣ ወይ ዋጋ ቆርጦ ይቀበላል። የራሷን ጌጥ ዕንቁዎችም እንዲሁ ያዩ ነበር።

ይህ ምንድን ነው? ደረጃ ማውጣት ነው! ትከሻው ከገጿ ጉብ ያለ ቦታ ነው። ሳንቲም ሲያልቅ ቀድሞ የሚያልቀው ጉብ ያለው ነው። ዛሬ ደረጃ ሰጪው በመነጽር መጀመሪያ የሚያየው ያንኑ ነው፦ ጉብታውን። ማርትሬዛ ላይ ትከሻዋን፣ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ፀጉሯን፣ በጀርባው የንስሩን ደረት። ምኒልክ ላይ ዘውዱንና ትከሻውን፣ በጀርባው የአንበሳውን ጎፈርና ታፋ። የባቲ ነጋዴ ሼልደን መጽሐፉን ሳይጽፍ ያውቀው ነበር። ቁጥሩ የእነሱ ይሁን፤ ዓይኑ ግን የእኛም ነው። ለዚህ ነው «አናውቀውም» ሲባል የሚያንገበግበኝ።

ሚዛኑን በተመለከተ ጽሑፉ ግማሽ እውነት አለው፤ አልክድም። ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ 23.4 ግራም ገደማ ማለት ነው። በየቤቱ የሚገኘው የተለመደው ማርትሬዛ፣ በተለይ ያለቀው፣ ዋጋው ከዚህ ብር ብዙም አይርቅም። እሱን መዝኖ የሸጠ አልተሞኘም። የምኒልክ ብርም ክብደቱ ከዚያው አይርቅም፤ ከሺህ 835 ነው። ሚዛን ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ሰብሳቢ ፊት ግን ደህና ይዞታ ያለው ምኒልክ ሌላ ዓለም ነው። በሚዛን ብቻ የሸጠው ልዩነቱን ለገዢው ስጦታ ሰጠው። እዚሁ ደሴ እናቱ የተዉለትን አራት ምኒልክ ለአንጥረኛ በግራም ሸጦ፣ በሳምንቱ ሊያስመልስ የሄደ ሰው አውቃለሁ። ቀልጠዋል።

ድንጋይ ላይ መጣሉን ግን ተዉት። ድምፁ የሚነግራችሁ ብር መሆኑን ነው፣ ያውም በልምድ ለሚሰማ ጆሮ። ስለ ይዞታው ምንም አይልም። ዳሩ ላይ የሚያወጣው ጉድፍ ደግሞ ደረጃውን ራሱ ያወርደዋል። ስታስቀምጡም ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ አይሁን፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል፣ ብሩንም ይበላዋል። ደረቅ ቦታ፣ ንጹሕ የወረቀት ፖስታ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ትናንት ማታ እማማ ቤት ሄጄ ነበር። ቡና አፍልተዋል። ልጁም አለ፤ ሰባተኛ ክፍል ነው። አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«አብሽር» አልኩት። «ያነበብከውን ነው ያደረግከው።»

«ጋሼ፣ ያኛው ተመልሶ ይጠቁራል?» አለኝ።

«ይጠቁራል። ሃያ ሠላሳ ዓመት ይፈጅ ይሆናል። ጭረቱ ግን ከሥሩ ይቆያል።»

መነጽሩን ሰጠሁት። ግራጫውን ብር ዳሩን ይዞ ወደ አምፖሉ አዘነበለው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዘነብለው አገኛት። «ትዞራለች!» አለ። እማማም ስኒያቸውን አስቀምጠው ሊያዩ ተጠጉ። ሲያበቁ ግራጫውን እኔ ባመጣሁት ፖስታ፣ ነጩን በሌላ ፖስታ አድርገው ሙዳዩን ከፈቱ። እራፊ ጨርቁን አውጥተው ለልጁ ሰጡት፤ ሁለቱን ፖስታዎች ጎን ለጎን አስገቡና ክዳኑን ገጠሙት።